የኮረኮንች ብስክሌቷና የኔ መግደርደር

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። ረፋድ

ገና መግባቴ ነው። እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቴ አቧራ ብቻ። ደስ ሲል!

ዛሬ ከጀሞ ወደ ፉሪ። አስፋልቱ ያልቃል፣ ኮረኮንቹ ይጀምራል፣ ብስክሌቷ ምንም አይመስላት። ጎማዋ ሰፋ ያለ፣ ጥርስ ያለው፤ ጠጠሩን እየረገጠች ትሄዳለች። ተራ ብስክሌት ብትሆን ተሸክሜያት ነበር የምመለሰው። መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ ነው፤ አንዱ ጋ እጄ ሲዝል ሌላው ጋ እይዛለሁ። አስፋልት ላይ ደግሞ ትበራለች። ባንድ ዋጋ ሁለት ብስክሌት ማለት ይቺ ናት።

የኔ አይደለችም እንጂ። የጋሽ ተሾመ ናት፣ ከታች ግራውንድ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቴ። ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ያውሱኛል። ስመለስ በር ላይ ይጠብቁኛል። ድልድዩ ጋ ያለው ጠጠር በጎርፍ ተጠርጎ ሄደ ወይ? ጤፉ ቢጫ ሆነ ወይ? ያቺ ውሻ ዛሬም አባረረችሽ ወይ? ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። ከሥራ መልስ

የጀሞ የታክሲ ሰልፍ፣ ስሙም አይነሳ። ዛሬ ጎፋ ድረስ በብስክሌት ሄድኩ። ሰልፉን በጎን ሳልፈው አንዱ ረዳት ከሚኒባሱ ተንጠልጥሎ ነይ እህቴ፣ ቦታ አለ ብሎ ቀለደብኝ። ይቀልዳ! የምሠራበትን መድኃኒት ቤት ዛሬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አብራኝ የምትሠራው ሶፊያ ስትደርስ ሻይ ጠጥቼ ጨርሻለሁ። አላበሽም እንዴ አለችኝ። አልቦኛል፤ ግን የሰው ክርን ጎኔን አልወጋኝም።

ጥቅምት 16፣ እሁድ። ከቅዳሴ መልስ

ደብተሬ፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው! ጋሽ ተሾመ ደረጃው ሥር አስቁመውኝ ብስክሌቷን ውሰጂያት፣ ለሁልጊዜው ያንቺ ትሁን አሉኝ። የማይነዳት ሰው ቤት ዝገት ይበላታል አሉ።

እኔስ ምን አልኩ? «ኧረ በስመ አብ! አይደረግም ጋሼ!» ሲሻልዎት ይነዷታል፣ እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ምኑ ቅጡ። እውነትሽን ነው? አሉኝ። እውነቴን ነው አልኩ። እሺ ብለው ገቡ።

ያው ወጉ ነው። ሰው ሲሰጥሽ ዘለሽ አትቀበዪ እያለች ነው እማዬ ያሳደገችኝ። መጀመሪያ እምቢ። ሲደግሙ ኧረ ይተዉ። ሲሠልሱ ካሉማ እሺ። ነገ ይደግማሉ። የማቆምበትን ቦታ ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ፤ የጫማ መደርደሪያውን ከአልጋዬ ጎን አንስቼዋለሁ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። ጠዋት

አልደገሙም።

በራቸው ጋ ስደርስ እግሬን አፈጥናለሁ። ቆም ብል ስጦታውን ፈልጋ መጣች ይሉኛል። ለዛሬ ያውሱኝ ማለት ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

አሁን ስወርድ ብስክሌቷ በረንዳቸው ላይ ቆማለች። ታጥባለች፣ ካቴናዋ ዘይት ተቀብቷል። እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ለኔ ይሆን? እኔንጃ። እንዴት አደሩ ብዬ ሮጥኩ። ሥራ የምሄደው በታክሲ ነው። ቅዳሜም አልወጣም መሰለኝ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ!

ጥቅምት 23፣ እሁድ

ሄደች።

የእህታቸው ልጅ ከሐዋሳ መጥቶ ወሰዳት። ያገዝኩት ደግሞ እኔው ነኝ! ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ስትወጣ መሪዋን የደገፍኩት እኔ፣ ገመዱን ያቀበልኩት እኔ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፣ ጥርሴን እያሳየሁ። ጋሽ ተሾመ ቀና ብለው አላዩኝም።

ቤት ገብቼ መደርደሪያውን ወደ ቦታው መለስኩ። ከዚያ አለቀስኩ፣ በቃ። ለብረት ይለቀሳል? ይለቀሳል። አንድ «እሺ» አቅቶኝ! ሁለት ፊደል!

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ። ምሳ ሰዓት

የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቻለሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ስልክ ላይ ይጮሃል።

ለሶፊያ ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች። አንቺ ሰውዬው ሦስቴ እንዲለምኑሽ ነበር የፈለግሽው? አለችኝ። ወግ ነዋ አልኩ። እንግዲያ ወግሽን እየነዳሽ ሂጂዋ አለች። ከዚያ ክኒን እየቆጠረች፣ ቀና ሳትል፣ ለመሆኑ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱን ማን ይነግራቸዋል? ብላ ጠየቀችኝ።

ደብተሬ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የማለቅሰው ለራሴ ሰልፍ፣ ለራሴ እግር ነበር። ብስክሌቷን የሰጡኝ እኔ እንድነዳት ብቻ መስሎኝ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ። ከሥራ መልስ

አንኳኳሁ። ከፈቱ። ከስተዋል። ሻይ ላፍላልሽ ሲሉኝ ከአፌ አመለጠኝ፤ ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ አሁን ጠጥቼ ነው። ወይ ጉድ! ልማድ እኮ አይለቅም።

ከዚያ አፈረጥኩት። እፈልጋት ነበር አልኩ። በጣም። እምቢ ያልኩት እንዲደግሙልኝ ነው አልኩ።

ጉልበታቸውን እያሹ የሆነውን ነገሩኝ። ሊደግሙልኝ ነበር ለካ። ካቴናዋን ዘይት የቀቡት፣ በረንዳ ያወጧት ለዚያው ነው። ሳልፍ ቆም ካልኩ ሊጠሩኝ። እኔ ደግሞ እየሮጥኩ ሳልፍ ጊዜ በጥያቄዬ አሰልችቻታለሁ ብለው ደመደሙ። የሸሸችው ብስክሌቷን ሳይሆን እኔን ነው አሉ ለራሳቸው። በዚህ ዕድሜ ሁለቴ እምቢ መባል ይከብዳል አሉኝ። አንጀቴን በሉት። የእህታቸው ልጅ ከወሰዳት ወዲህ አልደወለም። ሐዋሳ መንገዱ እንዴት እንደሆነ አያውቁም።

ልጁ መልስ ሊባል ነው? የተሰጠ ተሰጥቷል። እሳቸውም አላሉ፣ እኔም አላልኩ።

ስነሳ ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ ነገር አወጡ። የብስክሌቷ የውሃ ኮዳ። ሲጭኗት ተረስቶ ቀርቷል። ከፈለግሽው ብለው ገና ሳይጨርሱ፣ እሺ አልኩ። አቤት አባባሌ! ደንገጥ አሉ። ከዚያ ሳቁ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ። ጠዋት

በእግሬ ልወጣ ነው። ኮዳው ሞልቷል። ፉሪ በእግር ሩቅ ነው፤ ከድልድዩ ማለፌንም እንጃ። ብስክሌት ቢኖር አሁን ይሄን ጊዜ ጤፉ ውስጥ ነበርኩ። ይቆጨኛል፣ አሁንም ይቆጨኛል። ግን ጠጠሩን ዓይቼ፣ ያቺንም ውሻ ዓይቼ እመለሳለሁ። እነግራቸዋለሁ።

ከታች ሳላቸው ይሰማል። ወንበሩን አውጥተዋል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ይጠሩኛል፤ ሻይ ደርሷል፣ ቀምሰሽ ሂጂ ይላሉ። ጠጥቻለሁ፣ እውነቴን ነው፣ አሁን ነው የጠጣሁት። እሺ ጋሼ፣ መጣሁ!