በአስቸኳይ ስለተሸፈነችው መኪና

ለተከበሩ የግቢያችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንደ ፊርማዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም ማንም ማስታወቂያ የማይለጥፍበት እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህችን ደብዳቤ ጎረቤት ሁሉ እንዲያነባት በደረጃው ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ከውሃ መቋረጥ ማሳሰቢያዎ ጎን ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ጉዳዬ ትንሽ ነው፤ ስለ ሙጫ ነው።

አንደኛ፤ ምድር ቤት በቆመችው ጣሪያ አልባ አሮጌ የስፖርት መኪና የፊት መስታወት ላይ የለጠፉት ማስጠንቀቂያ፣ በሙቅ ውሃም በሳሙናም በጥፍርም ታሽቶ ሌላው ሁሉ ሲለቅ፣ «በአስቸኳይ» የምትለዋ ቃል ብቻ ወይ ፍንክች ብላለች። ከእንግዲህ መሪ የያዘ ሰው መንገዱን የሚያየው በእርስዎ ቃል በኩል ነው። እንዲህ ያለ ሙጫ እያለ የደረጃው ንጣፍ ለምን ተነቃቅሎ ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እኔ ግን ጨዋ ስለሆንኩ አልጠይቅም።

ሁለተኛ፤ ማስጠንቀቂያው መኪናዋ የድመት መኝታ እንዳትሆን ትሸፈን ይል ነበር። ለድመቶቹም ለእኔም ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። መኪናዋ የእኔ እንዳልሆነች ያውቃሉ፤ የሟች ወንድሜ ነበረች፣ አሁን የልጁ ናት። ልጅቷ ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ስትሄድ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ ስለ ዘይቱም ስለ ጎማውም ሳታነሳ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «አጎቴ፣ እባክህ አንተ እንዳትጠግናት» አለችኝ። ያለ አስተማሪ የተማርኩ መካኒክ መሆኔን ታውቃለች። አስተማሪ ስላልነበረኝም ወድቀሃል ያለኝ ሰው የለም።

ሦስተኛ፤ ትእዛዝዎን አክብሬ ወደ ወንበር ልብስ ሰፊው ሄድኩ። ሰፊው ውሃ ጨርሶ የማያሳልፍ ፕላስቲክና የሚተነፍስ ወፍራም ሸራ ዘርግቶ፣ ፕላስቲኩ እርጥበት አፍኖ ወንበሩን ያሻግተዋል ብሎ መከረኝ። ሸራውን መረጥኩ፤ ቀለሙንም ከወንበሮቹ ጋር አስማማሁ። እስከዚህ ድረስ ያጠፋሁት ነገር የለም፤ ይህቺን ዐረፍተ ነገር ደስ ስላለችኝ ደግሜ አንብቤያታለሁ።

እንዲህ ያለው ሸራ ወንበሮቹን ከላይ ያለብስና ዙሪያውን ጠቅ በሚሉ የብረት ቁልፎች ይያዛል፤ መሪው ባለበት በኩል ደግሞ መሪውን የሚያቅፍ ኪስ ይሰፋለታል። ልኬቱን እኔ ራሴ ወሰድኩ። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ እንደሚቆመው ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆሜ፣ መሪው በቀኝ በኩል ነው ብዬ ለሰፊው ነገርኩት፤ እሱም ያልኩትን ሰፋ። የእኔ ቀኝ የመኪናዋ ግራ መሆኑ የገባኝ ሸራውን ስዘረጋው ነው። ኪሱ ባዶው ወንበር ላይ እንደ ጉብታ ተቀመጠ፤ በመሪው በኩል ደግሞ ሸራው ተወጥሮ ተወጥሮ፣ ወንድሜ በመኪናዋ ላሜራ ላይ ካስተከላቸው ቁልፎች ጋር ሊገናኝ አልቻለም።

ሰፊው ያለ ምንም ቅሬታ ፈትቼ ልስፋልዎት አለኝ። እኔ ግን ስህተቱ የእኔ መሆኑን ከምናገር ምላሴ ቢቆረጥ ስለመረጥኩ፣ ኮሚቴው በአስቸኳይ ብሏል አልኩት። ከዚያም መሰርሰሪያዬን አንስቼ፣ ቁልፎቹን ለማዛወር ሸራው በደረሰበት ሁሉ ላሜራውን አዲስ ቀዳዳ በሳሁት። ወንድሜ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በገዛ ከናቴራው ይወለውለው የነበረውን ላሜራ።

አራተኛ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእርስዎ ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬ ቆመብኝ። ማስጠንቀቂያው ሳይታጠብ በፊት አንብቤዋለሁና፣ ለሸራው የሰጡኝ ጊዜ ለሰፊው ቀርቶ ለእኔም የሚበቃ እንደነበር አስታውሳለሁ። በአስቸኳይ ያሉት ስልክ ቁጥሬን ለጥበቃው እንድሰጥ ብቻ ነበር። እሱን እስካሁን አልሰጠሁም። ልጅቷ በስልክ ስለ መኪናዋ በጠየቀችኝ ቁጥርም ደህና ናት፣ ለብሳ ተኝታለች እላታለሁ፤ እሷም ትስቃለች፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል። አምስተኛው ነጥብ

በሩ ተንኳኳ። የምጠብቀው ሰው የለም። እርስዎ ከሆኑ አምስተኛውን በቃል እነግርዎታለሁ።

በትሕትና ሊታዘዝዎ ሲጣደፍ የሰው ንብረት የሚበሳ፣
የሦስተኛው ፎቅ አጎት

ድኅረ ጽሑፍ፤ እርስዎ አልነበሩም። ሳትነግረኝ ብቅ ያለችው የወንድሜ ልጅ ናት። አብረን ወርደን ሸራውን ገለጥኩላት። ጣቷን አንዱ ቀዳዳ ላይ አድርጋ «አባዬ ቢያይ ይስቅብህ ነበር» አለችኝ። «እኔ ግን ገና አልሳቅኩም።» ስትሄድ መሰርሰሪያዬን ይዛ ሄደች፤ የመኪናዋን ቁልፍ ግን ሳትጠይቀኝ ተወችልኝ፤ እሱ ነው የበለጠ ያመመኝ። ይህን ደብዳቤ ልቀደው ስል ከእጄ ነጥቃ አንብባው ነበርና፣ ቃል ሳይነካ ይለጠፍ ብላ ፈርዳለች። ስለዚህ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ከዚያ ሙጫዎ ጥቂት እንዲያውሱኝ እለምናለሁ፤ በሙቅ ውሃም በጥፍርም የማይለቀውን።