የኢያቫሊ እጅ

ጁን 3
ለአራተኛ ክፍል የቤት ሥራ ሰጠሁ። ስለ ገንዘብ የሚባል አባባል አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ፣ ከየት እንደመጣም ቤት ጠይቁ አልኳቸው። ከሰዓት ዝናብ። ምሳ ሙዝ በኮኮናት። የኔው ቶቪን በጀልባ ሲያልፍ አፏጨልኝ። ሰው ሰምቷል... ይስማ!

ጁን 4
አንዱ "አመድ በላው" ይዞ መጣ። የባከነ ገንዘብ ማለት ነው። እሳተ ገሞራው ከተማውን ሲቀብር አያቱ ገንዘቧን ትራስ ውስጥ ትታ ነው የሸሸችው። ሌላው "ጎማው አልተፈታም" አለ። ይሄ ለሚሰስት ሀብታም ነው። ሽማግሌ የዛጎል ገንዘቡን በክር ሰክቶ እንደ ጎማ ጠቅልሎ ያኖራል፣ ጎማው የሚፈታው እሱ ሲሞት ነዋ።
ከዚያ ማርታ ተነሳች፣ የፊት ወንበሯ።
"ሚስ፣ የኔ 'በኢያቫሊ እጅ ከፈለኝ' ነው። አታለለኝ ማለት ነው። ኢያቫሊ ድሮ የነበረች ክፉ አሮጊት ናት። እጇ እንደ ዶሮ ክንፍ አጭር ነበር።"
ድሮ የነበረች! አሮጊት!
እዚህ ትምህርት ቤት ሚስ ሊዲያ ነኝ። ኢያቫሊ የሚለውን የቤቴን ስም ማን ያውቃል? "ጎበዝ፣ ተቀመጪ" አልኳት። አሥር ከአሥር ሰጠኋት። ምን ላድርግ?

ጁን 5
ልጻፈውና ይውጣልኝ።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አያቴ ሲሞት የማዶ መንደር ሰዎች መጥተው ጨፈሩለት። ለጨፈረ ዛጎል ይሰጣል። የሚለካው ሁለት እጅ ተዘርግቶ ነው፣ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ አንድ ዝርግ። የማን እጅ? እሱን የወሰነ ሰው የለም! የእናቴ ወንድም ቶሊማን ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ መርጦ እኔን ጠራኝ። "ነይ አንቺ፣ ለኪ።" ኩራቴ! እጄን እስኪያመኝ ዘርግቼ ለካሁ። አንዲት ዛጎል አልሰረቅኩም። ሰዎቹ ቤታቸው ገብተው በራሳቸው እጅ ሲለኩት ግን ጎደለ...
ብልጡ አጎቴ። ስም የወጣው ለኔ። ይኸው ሃያ ዓመት ዛጎል ለክቼ አላውቅም።
ቶቪንስ የማን አገር ልጅ ሆነና? የማዶ መንደር! ወንድ የጠፋ ይመስል።

ጁን 11
ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጥሎሼ ሃምሳ ዝርግ ተባለ፣ ተስማሙ። ከዚያ በማን እጅ ይለካ የሚለው መጣ። አጎቴ ዓሣ አጥማጁን ዘመዳችንን አቀረበ። መሬት ቆሞ ኮኮናት የሚቀጥፍ ሰው! የቶቪን አክስት ኢያፒሪት የምታኝከውን የቡዋይ ፍሬ ቀይ አድርጋ ተፋችና፣
"የለም። እናንተ በኢያቫሊ እጅ ከፍላችሁናል። እኛም በኢያቫሊ እጅ እንከፍላለን" አለች።
ሰው በሳቅ ሞተ። አጎቴ ምን ይበል? የራሱ ሥራ ነው። ጥርሱን ነክሶ፣ "ይሁን። ግን ከሃምሳ አንዲት ብትጎድል ምንጣፌን ጠቅልዬ፣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ሠርግም የለ" አለ።
ያደርገዋል። አውቀዋለሁ።

ጁን 14
አብጃለሁ! አብጃለሁ!
ጀልባው ጋ ቆመን ቶቪን "እስቲ ይቺን ታዋቂ እጅ ልያት" አለኝ። ፊት ለፊት፣ መዳፍ ለመዳፍ ገጥመን ዘረጋን። የጣቴ ጫፍ ከጣቱ ጫፍ እኩል። እንደገና ሞከርን። እኩል!
"አንቺ... አድገሻል እኮ።"
አድጌያለሁ! ማንም ሳይለካኝ፣ እኔም ሳልለካ! ሰው አጭር ሲለኝ አምኜ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ላለ ነገር ሁሉ ወንበር ስጎትት ኖሬያለሁ። ሞክሬ እንኳ አላውቅም።
"ለአክስትህ ትነግራታለህ?"
"ብሞት አልነግራትም!"
አሸዋው ላይ በሳቅ ተንከባለልን። ሆዴ እስካሁን ያመኛል።

ጁን 25
ነገ ነው። ሳቄን የት እንደምደብቀው እንጃ።

ጁን 26
ሁሉንም ልጻፈው።
የዛጎሉን ጎማ አምጥተው መሃል አስቀመጡ። ተፈታ። ቆምኩ። ዘረጋሁ። አንድ! ከማዶ በኩል ሳቁ ቀጥ አለ። አምስት ላይ ኢያፒሪት ማኘክ ተወች። አሥር ላይ አጎቴ አገጩን ይዞ ወደ ሰማይ ያያል... ደስታው! እኔም እንደ ቄጠማ እየተወዛወዝኩ እለካለሁ።
ሠላሳ ላይ የቀረውን አየሁ።
ሰዎቹ ያመጡት በአጭር እጅ አስልተው ነው። ሃምሳ አይሞላም። ተጨማሪ የላቸውም፣ ኢያፒሪት ክሩን ስታቀብለኝ ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። ቶቪን ከንፈሩ ደርቋል። አጎቴ ደግሞ የምንጣፉን ጫፍ ይዟል። ይሄን እንዴት ሳላስብ? ቀልዴ ባሌን ሊበላብኝ!
ክርኔን አጠፍኩ።
መጀመሪያ ትንሽ። ከዚያ አብዝቼ። አርባ ላይ የዶሮ ክንፍ ሆንኩ። ያን ሁሉ ሰው ፊት! ያላየ የለም። አጎቴን ዐይኑን አየሁት።
"አጎቴ፣ የኢያቫሊ እጅ እኮ ነው" አልኩት።
ጉንጩ ተንቀጠቀጠ። አለቀልኝ ብዬ ነበር... በሳቅ ፈነዳ። ምንጣፉን ለቀቀው።
"ለኪ፣ አንቺ ሌባ! ለኪ!"
ሃምሳኛዋ ከአፍንጫዬ እስከ አውራ ጣቴ አትሞላም። "ሃምሳ!" ብዬ ጮህኩ። ኢያፒሪት አንቃ አቀፈችኝ፣ ጸጉሬን በቡዋይ ቀይ አደረገችው። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ጁላይ 19
ገበያ። ታሮ የሚሉትን ጎደሬ ስገዛ አንድ ኪና ጎደለኝ። የማላውቃት ሻጭ "ተይው፣ በኢያቫሊ እጅ ነው" ብላ ታሮውን ሰጠችኝ።
"ምን ማለት ነው?"
"አገርሽ የት ነው አንቺ? የወደድነውን ስንምር እንዲህ እንላለን። ክርኗን ካጠፈችው ልጅ የመጣ ነው።"
"አሮጊት አይደለችም እንዴ?"
"ምን አሮጊት! ሙሽራ ናት እንጂ።"
ቤት ገብቼ ታሮውን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ያለ ወንበር።