«ሻወር ቤት ገብቷል»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 12

ለምወድህና አሁን ባገኝህ ለማንቅህ ባለቤቴ፣

በስልክ እንዳልነግርህ ወይ ትዘጋብኛለህ፣ ወይ ያ «ሸራው» የምንለው ሸራ ሻጭ ጓደኛህ ያነሳዋል። ስለዚህ ደብዳቤውን ነገ ዕቃ ለማምጣት አንተ ወዳለህበት አገር ለምትበረው ለጎረቤታችን ለጫማ ነጋዴዋ እሰጣታለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ ከአልጋህ አጠገብ ንቅንቅ እንዳትል ነግሬያታለሁ።

አዎ፣ ከአልጋህ። አውቄያለሁ።

«ጨርቅ እየመረጥኩ ነው፣ ሥራ በዝቶብኛል» የምትለኝ ሆስፒታል ተኝተህ ነው። ትናንት ስደውል ሸራው ስልክህን ትቶ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ኖሮ አማርኛ የምትችለው የሆስፒታሉ አስተርጓሚ አነሳችው። «ባለቤቱ ነዎት? እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አለችኝ። እኔ የት ነበርኩ! ሱቄ ቁጭ ብዬ ስልክ ስቀጠቅጥ ነበር እንጂ!

ሁሉንም ከእሷ ሰማሁ። ትርፍ አንጀትህ መግል ይዞ፣ በትኩሳት እየቃዠህ፣ ሸራው ተሸክሞ አደረሰህ። ለዚህስ እግዜር ይስጠው። ሐኪሞቹ «የማይስማማው መድኃኒት አለ?» ሲሉት ግን «ኧረ ምንም የለበትም፣ ድንጋይ ነው» አላቸው። በዚያው ሰዓት እኔ ደወልኩ። የዕለቱን ማስታወሻዬን ስጽፍ ሳይቀር አስፍሬዋለሁ፦ «ደወልኩ፤ ሻወር ቤት ገብቷል አለኝ።» ፔኒሲሊን እንደማይስማማህ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አልጠየቀኝም። ያንኑ ወጉህ፤ ፊትህ አብጦ ትንፋሽህ ተዘጋ፤ በስንት መከራ መለሱህ።

ዛሬ ጠዋት ሸራውን በስልክ ያዝኩት።

«አንተ፣ ሰው ሊሞት ትደብቀኛለህ?»

«እትዬ፣ እንዳትደነግጪ ብዬ እኮ ነው።»

«ሬሳውን ስትልክልኝ አልደነግጥም ነበር?»

«እሱ ራሱ ነው ሲነቃ ‹እንዳትነግራት› ያለኝ።»

አየህ ጉድህን? ገንዘብህን ካልሲህ ውስጥ ደብቅ፣ ፓስፖርትህን ደረትህ ላይ እሰር፤ እሱ ለሌባ ነው። እኔ ሌባ ነኝ? ከዛሬ ጀምሮ የማይስማማህን መድኃኒት በእነሱ ቋንቋ አስጽፈህ ከፓስፖርትህ ጋር ትይዛለህ። አንተ መናገር ካቃተህ መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው። በዚህ አትከራከረኝ።

እዚህ ላይ ስደርስ እናትህ ሱቅ መጡ። «ልጄ ምነው ድምፁ ጠፋ?» አሉኝ።

«ደህና ነው እማማ፣ ሥራ በዝቶበት ነው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሸራውን የሰማሁ መሰለኝ። ብዕሬን ወርውሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መግሉን እስካሁን በሌላ መድኃኒት መርፌ ሲያበርዱት እንደቆዩ፣ ሐሙስ አደንዝዘው ትርፍ አንጀትህን እንደሚያወጡትም።

ያለቅሳሉ ስል ብድግ አሉ። «ማደንዘዣ? ነግረሻቸዋል?»

«ምኑን?»

«ልጅ ሳለ ክንዱ ተሰብሮ ማደንዘዣ ሲሰጡት ገላው እንደ እሳት ነደደ፣ ሰውነቱ እንጨት ሆነ። ለጥቂት ነው የተረፈው። እንዳይፈራ ብለን ለራሱም አልነገርነው!»

እንዳይፈራ፣ እንዳትደነግጪ፣ እንዳይጨነቁ! በዚህ ቤት ስንተዛዘን ልንጨርስህ ነው እኮ!

ወዲያው ለአስተርጓሚዋ ደወልኩ። ሐኪሙን ጠርታ ነገረችው። ከዚያ «ይህን ባንሰማ ኖሮ…» ብሎ «ሌላ ዓይነት ማደንዘዣ እናዘጋጃለን» አለ አለችኝ። የጀመረውን ንግግር አልጨረሰውም። እኔም አልጨርሰውም።

እናትህ አሁንም አጠገቤ ናቸው። «መጀመሪያ በጥፊ፣ ቀጥሎ ነው የምስመው ብለሽ ጻፊለት» ብለዋል። ቅደም ተከተሉን አልነካሁም።

ሐሙስ ስትነቃ ራስህ ደውል። «ደህና ነኝ» እንዳትለኝ። የሚያምህን ንገረኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ፈጣሪ የሐኪሞቹን እጅ ያቅናልህ፣ በእግርህ ቆመህ ደጃችንን የምታንኳኳ ያድርግህ። ቁጣዬ ገና አላለቀም፤ የቀረውን ፊት ለፊት ነው የምሰጥህ፤ መጥተህ ተቀበለኝ።

ሚስትህ