ሞተሩ በስንት ጊዜ ይከፈታል?

ጎፋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ደም ግፊትህ እንዴት ነው? ጨው ቀንስ የተባልከውን ቀንሰሃል ወይስ ዛሬም ሐኪሙን ነው የምታማው? ባለቤትህ ዓለሚቱስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነውና ጎረቤቱ ሁሉ ጥራጊውን ለኩሶ፣ ከሚካኤል ስመለስ ዓይኔ እያነባ ገባሁ። መስኮቱን ዘግቼ ነው የምጽፍልህ። ልጄ አዶኒያስም ደህና ነው፤ አልጠየቅኸኝም እንጂ።

ያልደወልኩልህ፣ ነገር ሲከርብህ "ኔትወርኩ አስቸገረ" ብለህ እንደምትዘጋ ስለማውቅ ነው።

ባለፈው እሑድ ልጅህን ኢያቄምን ከነሞተር ሳይክሉ ላክህብኝ። መልእክትህን ቃል በቃል አድርሶልኛል፤ "አክስትህን ጠይቃት፣ የሞተሩን መመሪያ ያነበበችው እሷ ናት። ሞተሩ በዓመት አንዴ ከተከፈተ ይበቃል ትልሃለች።" ጥያቄውን ከነመልሱ ነው የላክኸው። እኔ በተማርኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከክፍል ይወጣ ነበር።

ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚነድበት የዳገትና የአቧራ ሞተር ዕድሜው በዓመት አይቆጠርም፤ በሠራበት ሰዓት ነው። ለውድድር የሚጋለብ ከሆነ ሠላሳ ሰዓት ገደማ ሲሠራ ይከፈታል፤ ፒስተኑና መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው ቀለበቶቹ ይቀየራሉ። ለሽርሽር ለሚነዳው ጊዜው ይረዝማል፤ አቧራ ለሚውጠው ያጥራል። የታችኛው ክፍል ደግሞ መቶ ሰዓት ሳይሞላው መታየት አለበት። "እስካሁን በአንድ ምት ይነሳል እኮ" ማለት ማስረጃ አይደለም። ያለቀ ፒስተን እስከ መጨረሻው ቀን ይነሳል። ከዚያ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ሲሊንደሩን ይነክሰዋል፤ የኋላው ጎማ ድርቅ ይላል፤ ነጂው ይወረወራል።

ይህን የመጨረሻውን ከመመሪያው አላነበብኩትም።

ኢያቄም ግቢ ውስጥ ሲያስነሳው አዶኒያስ ዊልቸሩን እየገፋ በረንዳው ላይ ወጣ። ጆሮውን ሰጥቶ ቆየና "ስማ፣ ይሄ ነገር እኮ ያስለዋል! ፒስተኑ ሲሊንደሩን እየደበደበው ነው። መቼ ነው የተከፈተው?" አለው። ልጅህ ሳቀበት። "አቦ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ፈሪ የሆንከው? አባዬ አምና አስከፍቶታል። አሮጌውን ፒስተን ራሱ አምጥቶ አሳይቶኛል" አለ። አዶኒያስ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

አገሩ የሚተማመነው እንደዚህ ነው። ዕቃ ሲቀየር አሮጌው ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ያንን በዓይኑ ያየ ሰው ሌላ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። ያኔ የአዶኒያስ ውድድር ሲደርስ የእሱ ሞተር መከፈቻው አልፎ ነበርና "አስከፍተህ አምጣልኝ" ብዬ በእጅህ ሰጠሁህ። በየመጠጥ ቤቱ "የእህቴ ልጅ ያሸንፋል" ብለህ አስወርተህ ነበርና ውድድሩ እንዲያመልጠው አልፈለግህም። አሳጥበህ አብረቅርቀህ መለስክልኝ፤ አንድ አሮጌ ፒስተንም በጨርቅ ጠቅልለህ እጄ ላይ አስቀመጥክ። "ይኸው እቴቴ፣ አዲስ ሆኗል በይ!" አልከኝ። መረቅሁህ።

ልጄን ዊልቸር ላይ ካስቀመጠው አደጋ በኋላ ሕዝቅኤል የሚባል የመካኒሳ መካኒክ ስብርባሪውን እዚሁ ግቢ ውስጥ ከፈተው። አንተ ያመጣህልኝን ፒስተን በገዛ እጄ ወደ ሲሊንደሩ ሰደድኩት። አልገባም፤ የሌላ ሞተር ነበር። ሕዝቅኤል ቀና ብሎ "እማማ፣ ይሄን ደግሞ ማን ሰጠዎት?" አለኝ። "ወድቆ አገኘሁት" አልኩት። እናታችን ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ አንተም የስስት ልጇ ነበርክ። ልጄን ሊጠይቁ ለመጡት ሰዎች ሁሉ "ፍጥነት ነው ጉድ የሠራው፤ እኔስ ስንቴ መከርኩት" ስትል ከጓዳ ሆኜ እሰማህ ነበር። 

አሁን እናታችን ዐርፋለች። አርባዋም ወጥቷል።

የኢያቄምን ሞተር ሳይክል ከእሑድ ጀምሮ እዚህ አስቀርቼዋለሁ። ሕዝቅኤል ቅዳሜ ይከፍተዋል፤ ስለዚህ ልጅህ ለፊታችን እሑዱ ውድድር አይደርስም። ዛሬ ኢያቄም ሊወስደው ተመልሶ መጥቶ ጮኸብኝ። "ተቀይሯል እያልኩሽ አክስቴ! አባቴን ውሸታም ልትይው ነው?" አለኝ። "እኔ የነገርኩህ ሞተር በስንት ጊዜ እንደሚከፈት ብቻ ነው" አልኩት። "ታዲያ አዶኒያስ ለምን እንደዚያ አየሽ?" አለኝ። "ይህን አባትህን ጠይቀው" አልኩት። ሌላ ከአፌ አልወጣም።

እስክጨርስ በረንዳው ላይ አኩርፎ ተቀምጧል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ እሱ ነው። ፖስታውን አላሸግሁትም። በሰው እጅ የሚላክ ደብዳቤ ማሸግ፣ የሚወስደውን ሰው አላምንህም ማለት ነው ተብለን ነው የተማርነው። ጨዋ ልጅ የሰው ደብዳቤ አያነብም። ጨዋ አድርገህ አሳድገኸው እንደሆነ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።

ሚካኤል ቤትህን ይጠብቅልህ። ዕድሜ ይስጥህ፤ ልጅህም በሁለት እግሩ ቆሞ ይቅበርህ።

ታላቅ እህትህ፣
የአዶኒያስ እናት