በራችን ላይ ስለተጻፈው ቀይ «ዴ»

ለክቡር የአዲሱ መጋዘን አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣

አየር ማቀዝቀዣዎ ሳይቋረጥ፣ ጤናዎ ሳይጓደል፣ መስኮትዎም ወደ ባሕሩ እንጂ ወደ እኛ ሳይከፈት ይኖሩ ዘንድ ከአምቡሊ ሰፈር እመኝልዎታለሁ። እኔ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ገመድና ሸራ የሚሸጠው የሀምዱ ሴት ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ አሥራ አምስት ሲሆን፣ ከቤታችን ፈረንሳይኛ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።

ባለፈው ሰኞ የላኩት ቀለም ቀቢ በበራችን ላይ አንድ ትልቅ ቀይ የፈረንጅ ፊደል፣ «ዴ»ን፣ ስለጻፈልን የሚከተለውን ምስጋና ይቀበሉኝ።

አንደኛ፣ ትርጉሙን ሳይነግረን በመሄዱ ሽማግሌዎቻችን እንደልባቸው እንዲተረጉሙት ዕድል ሰጥቷቸዋል። አጎቴ ሐጂ አቡዘር መነጽራቸውን ጠርገው፣ «ዴ ማለት ድሬዳዋ ነው፤ አዲሱ ባቡር ሲመጣ ለድሬ ልጆች ቅድሚያ ሊሰጡን ነው» ብለው ፈረዱ። አባቴ በበኩሉ «የለም፣ ዴቬሎፕማን ነው፤ ልማት!» ሲል ሞገተ። በሯ የታለፈባት ጎረቤታችን እትዬ ጠይባ ደግሞ «እኔን ምን በድያችሁ ነው የዘለላችሁኝ?» እያለች ቀቢውን እስከ አስፋልቱ ተከትላ፣ ቀዝቃዛ ቪምቶ አጠጥታ እሷም አስጻፈች። ክቡር ሆይ፣ ሰውዬው ቪምቶውን ጠጥቶ ጻፈላት።

ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌር ጋሼ ቸሩ ሸራ ሊገዛ መጥቶ በሩን ሲያይ ዋጋ መከራከሩን ተወ። ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ፊደል ከወደቡ ማዶ አይቼዋለሁ፤ በሳምንቱ ስመለስ በሩም ግድግዳውም የለም» አለኝ። በትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ጣቴን በ«ዴ» ገጾች ላይ ሳወርድ «ዴሞሊር» ላይ ቆመ፤ ማፍረስ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ሲመራረቁ በሰማሁ ቁጥር ሻይ ላፍላ ብዬ ወደ ማድቤት እገባለሁ።

ሦስተኛ፣ በሬዲዮ «የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንት» ሲባል «ቀጥታ» የምትለዋ ቃል ሥራዋ አይገባኝም ነበር። ለካ ከባሕሩ ተነሥቶ እስከ መጋዘኑ ሳይጠማዘዝ በእናቴ ማድቤት በኩል የሚያልፍ ማለት ኖሯል። መጋዘኑን አልጠላም፤ ዕቃ ሲበዛ መኪናው ይበዛል፣ መኪናው ሲበዛ ገመዱ ይፈለጋል። ግን ግድግዳ የሌለው ሰው ገመዱን የት ሰቅሎ ይሸጣል?

አራተኛም ነበረኝ። አሁን ግን ከግድግዳችን ጀርባ ቢጫው ማሽን ሞተሩን አስነሣና ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ እነሱን ላወርድ ተነሣሁና አራተኛው ጠፋኝ። አባቴ «ልማቱ ነቃ!» ብሎ ይስቃል። ፊት ለፊት ልነግረው አልደፈርኩም፤ ደብዳቤዬን ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ያደረግኩት፣ እሱም በሚያነበው በአማርኛ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ለእርስዎ ፈረንሳይኛውን ከሥር አያይዣለሁ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው፦ ፊደሉ ምን እንደሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ፣ ወዴት እንደምንሄድም ለአባቴ ይንገሩት።

በሩ እስካለ ድረስ ከበሩ ኋላ ቆማ እጅ የምትነሣዎ፣
ነጅማ ሀምዱ

ማስታወሻ፦ አጎቴ የባሕሩ አየር እንዳያደበዝዘው ብለው ፊደላችንን በገዛ ቀለማቸው አድምቀውታል። ከቀለሙ ቆርቆሮ ትንሽ ተርፎ ነበርና፣ ልማቱ እርስዎንም አይለፍዎ ብዬ ዛሬ ጠዋት በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ አንድ «ዴ» ጽፌያለሁ። አይተው «ድሬዳዋ ነው» ብለው ካለፉ፣ እኔ በከንቱ ፈርቻለሁ። ደንግጠው ዘበኛውን «ቶሎ አጥፋው!» ካሉት ግን፣ ሲጨርስ እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘ ወደ እኛ በር ይላኩልን።