የዳሚን ውኃ ስለመረመረችው ተማሪ፣ ለከተማው ጤና ኃላፊ

ሐርጌሳ፣ የካቲት 1987 ዓ.ም.

ክቡር ዶክተር ዱዓሌ፤

መድፍ በማይደርስበት ቢሮዎ ጤናና ዕረፍት እመኝልዎታለሁ። በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ጎንደር በአንድ ክፍል ስንማር የተግባባንበት ቋንቋ ስለሆነ፣ አልገባኝም ለማለት እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። ቅጂውን እዚሁ ሐርጌሳ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ባለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትም የቢሮዎን የሥራ ብዛት በማሰብ ነው።

አንደኛ፣ ጦርነቱ ትምህርታቸውን ላቋረጠባቸው የሕክምና ተማሪዎች የኅብረተሰብ ጤና እንዳስተምር ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ወረርሽኝ ሲነሳ ማን፣ የትና መቼ እንደታመመ መጠየቅ እንደሚቀድም ነገርኳቸው። ዳሚ ሰፈር ሰው በተቅማጥና በትውከት መሞት ሲጀምር፣ ሻምሶ የተባለችው ተማሪዬ ያልኩትን ተቀብላ በየቤቱ እየዞረች ጠየቀች። በአህያ ጋሪ የሚመጣውን የጉድጓድ ውኃ የሚጠጡት ደህና ነበሩ፤ የታመሙት ከአንድ የውኃ ቦቴ የሚገዙት ነበሩ። ቦቴው የአማችዎ የአቶ ሺሬ መሆኑን ማወቋ ከትምህርቱ ውጭ ነበርና ስለ እርሷ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ ልትነግርዎ ቢሮዎ በመጣች ጊዜ «ጥይቱ አይበቃም? ደግሞ ኮሌራ እያልሽ ሕዝብ አታሸብሪ» ብለው በአጭሩ ስላሰናበቷት፣ በማግሥቱም ከትምህርቱ እንድትባረር ስላዘዙ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በምትኩ እጅ በሳሙና ስለመታጠብ የሚለፍፍ መኪና ልከውልናል። መኪናው ዳሚ ሲደርስ ራሕሞ የተባለች እናት ትንሽ ልጇን ቀብራ እየተመለሰች ነበር። ምክሩን እስከ መጨረሻው ቆማ አዳመጠች። በየትኛው ውኃ እንደምትታጠብ ግን መኪናው አልነገራትም።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን የምሥራች ነው። የተባረረችው ሻምሶ ሰፈሩን ጥላ አልሄደችም። ከራሕሞ ጋር በር ለበር እየዞረች፣ ከቦቴው እንዳይገዙና የሚጠጡትን እንዲያፈሉ ሴቶቹን ለመነች። ማገዶ ስለጠፋ ከፈረሱ ቤቶች ጣውላ ለቀሙ። አቶ ሺሬ ታጣቂ አስከትለው ሊያስፈራሯቸው በመጡ ጊዜ፣ ራሕሞ ባዶ ጀሪካኗን መንገዱ መሐል ደፍታ ተቀመጠችበት። አጠገቧ ሻምሶ፣ ቀጥሎም ሌሎቹ ተቀመጡ። እኔ ከግንብ ጀርባ ተደብቄ አይ ነበር። ታጣቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው አክስቱን ከተቀመጡት መካከል አይቶ ኖሮ መሣሪያውን ወደ ትከሻው መለሰ። ቦቴው ዞሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሽታው እየቀነሰ መጥቶ ቆመ።

ድሉ የለፋፊው መኪና መሆኑን በሬዲዮ ሲያበስሩ ከሻምሶ ጋር ሆነን ሰማንዎት። እርሷ ሕመምተኛ ስለነበራት ተነስታ ሄደች።

ስለሆነም የሰጡኝን የማስተማር ፈቃድ በአክብሮት መልሻለሁ። ተማሪዎቹ በሙሉ ተከትለውኝ ስለወጡ፣ ትምህርቱ በራሕሞ ግቢ ቀጥሏል፤ ሻምሶም ታስተምራለች።

ለውለታዎ መክፈያ የሚያጥረው፣ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዎ
ዘሩባቤል

ማስታወሻ፦ ጎንደር ሳለን በኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጡት እርስዎ እንደነበሩ ለተማሪዎቹ ነግሬያቸው ነበር። አላመኑኝም።