በአባዬ ስልክ የሰማሽው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እንቅልፍስ ትንሽ ተመለሰልሽ ወይ? እህል መቅመስ መጀመርሽን እህቴ ስትነግረኝ እፎይ አልኩ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሆቴሉ እንግዳ ሞልቶ ስለከረመ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ፤ ክንዴ በእንፋሎት ቀላ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

እማዬ፣ ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። ባለፈው እሑድ እንደ ወትሮሽ መብላቴን ጠይቀሽ፣ ብርድ እንዳይመታኝ መክረሽ፣ ልትዘጊ ስትይ አለቃዬን ሰላም እንድልልሽ ነገርሽኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስትረግሚው የከረምሽውን ሰው። መስማትሽን ያኔ አወቅኩ።

አባዬ ከተቀበረ ጀምሮ በምሳ ሰዓት አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ወደ ስልኩ የድምፅ መልእክት እልክ ነበር። ስልኩ ጠፍቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ መስሎኝ ነው። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ጥርስ ሕመሜ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አወራዋለሁ፤ ቀለል ሲለኝ ወደ ካውያዬ እመለሳለሁ። ለካ አንቺ በየቀኑ ቻርጅ ታደርጊው ኖሯል። ከዚያ እሑድ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የላክኳቸው ሁሉ መሰማታቸውን የሚያሳየው ምልክት ባንዴ ሰማያዊ ሆነ። ሞኝነቴን ተይው፣ መጀመሪያ አባዬ የሰማኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለሱ የነገርኩትን አሁን ላንቺ ልንገርሽ። ለአባዬ ቀብር እንዳልመጣ አለቃዬ አልከለከለኝም። መርዶው የመጣ ዕለት ራሱ አሥር ቀን ፈቃድ ሰጥቶኝ፣ እሱው በስተርጅናው በኔ ተራ ቆሞ ሊተኩስ ነበር። የፈራሁት እኔ ነኝ። የሬሳ ሣጥኑ ሲወርድ ካላየሁ አባዬ ስልኬ ውስጥ እንዳለ የሚቀጥል መሰለኝ። ሻንጣዬን ዘግቼ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ አውሮፕላኑ ሄደ። ከዚያ ጥፋቱን ለአለቃዬ አሸከምኩት፤ ሰው ሁሉ ጨካኝ ሲለው ዝም አልኩ። አባዬን ብቻሽን አስቀበርኩሽ። ይህ ሁሌም ይቆጨኛል። እንዳሻሽ ተቆጪኝ፣ ዝም ብቻ አትበይኝ።

እህቴ ስልኩን ከፍታ ስላሰማችሽ አልተቀየምኳትም፤ ጉንጯን ሳሚልኝ። በኔ ቦታ ሬሳውን የተሸከመውን አጎቴን እጅ ነስቶሃል በይልኝ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንንም ሰላም በይልኝ፤ የአለቃዬን ነገር ግን አንቺው ንገሪያት፣ እኔ አፍራለሁ።

ለአባዬ በደብዳቤም በስልክም ሰላምታ አልልክም። በወሩ መጨረሻ ራሴ መቃብሩ ድረስ እመጣለሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ይሄኛው እውነት ነው።

ልጅሽ
ከአንሶላ መተኮሻው ክፍል
ኅዳር 9 ቀን